የኦክስጅን ቤተሰብ፦ ፈተና ላይ ነጥብ የሚያስጥሉ ስህተቶች

ሀዋሳ ውስጥ ለ12ኛ ክፍል ፈተና የምትዘጋጁ ተማሪዎች በግሩፕ 16 (የኦክስጅን ቤተሰብ) ጥያቄዎች የምትሳሳቱበት ዋናው ምክንያት የነጠላ አቶምን ጠባይ ከንጥረ ነገሩ ጠባይ ጋር ማምታታት ነው። ሬዲየስና አዮናይዜሽን ኢነርጂ (ከአቶሙ አንድ ኤሌክትሮን ለማውጣት የሚያስፈልገው ኃይል) የአቶሙ ናቸው። የመቅለጫና የመፍያ ሙቀትን የሚወስነው ግን አቶሞቹ ተያይዘው የሠሩት ሞለኪውል ወይም ክሪስታል ነው።

«በግሩፑ ወደ ታች ሲወረድ የመቅለጫ ሙቀት ይጨምራል» ብሎ ማቆም

ኦክስጅን በ−219፣ ሰልፈር (ድኝ) በ115፣ ሴሌኒየም በ221፣ ቴሉሪየም በ450 ዲግሪ ሴልሺየስ ይቀልጣሉ። ፖሎኒየም ላይ ሲደረስ ግን ቁጥሩ ወደ 254 ይወርዳል። ከኦክስጅን ወደ ሰልፈር ያለው ትልቅ ዝላይም በአቶሙ መጠን ብቻ አይብራራም፤ ኦክስጅን ሁለት ሁለት አቶም ሆኖ ሲኖር ሰልፈር ስምንት አቶሞች ቀለበት ሠርተው የሚኖሩበት ነው። ትልቅ ሞለኪውል ጎረቤቱን አጥብቆ ይስባል።

ሰልፈር ሲቀልጥ ቀለበቱ ይበጠሳል ማለት

አይበጠስም። በ115 ዲግሪ ቀለበቶቹ እንዳሉ ሆነው እርስ በርሳቸው ይላቀቃሉ፤ ስለዚህ ቀጭንና ቢጫ ፈሳሽ ታያላችሁ። 160 ዲግሪ አካባቢ ሲደርስ ቀለበቶቹ ይከፈቱና ረጅም ሰንሰለት ይሠራሉ፤ ፈሳሹ ይጠቁራል፣ ይወፍራል፣ ቴስት ቱቡን ብትገለብጡትም ቶሎ አይፈስም። ይህ ለውጥ በዓይን መታየቱ ከምዕራፉ ሁሉ የሚወደድ ነገር ነው። ብዙዎች ግን ነበልባሉን ከፍ ስለሚያደርጉ ቀጭኑን ደረጃ ሳያዩ ያልፋሉ። ቱቡን ከሲሶ በላይ አትሙሉ፤ በትንሽ ነበልባል ላይ እያንቀሳቀሳችሁ አሙቁ። ሰልፈሩ እሳት ከያዘ የሚወጣው ሰልፈር ዳይኦክሳይድ ሳንባን ይቆጣል፤ ሥራው ጭስ ማስወጫ ሥር ይሁን።

ኤሌክትሮን አፊኒቲን ከኤሌክትሮኔጋቲቪቲ ጋር ማደባለቅ

በኤሌክትሮኔጋቲቪቲ (በቦንድ ውስጥ ኤሌክትሮንን ወደ ራስ የመሳብ አቅም) ኦክስጅን (3.44) ከቤተሰቡ አንደኛ ነው። ኤሌክትሮን አፊኒቲ፣ ማለትም ነጠላ አቶም አንድ ኤሌክትሮን ሲቀበል የሚለቀው ኃይል፣ ግን ለኦክስጅን 141፣ ለሰልፈር 200 ኪሎ ጁል በሞል ነው። የኦክስጅን አቶም በጣም ትንሽ ስለሆነ በሁለተኛው ሼል የታጨቁት ኤሌክትሮኖች አዲሱን ይገፉታል።

በአዮናይዜሽን ኢነርጂ ኦክስጅንን ከናይትሮጅን በላይ ማስቀመጥ

የናይትሮጅን የመጀመሪያ አዮናይዜሽን ኢነርጂ 1,402፣ የኦክስጅን 1,314 ኪሎ ጁል በሞል ነው። ኦክስጅን ከሦስቱ ፒ ኦርቢታሎች (ኤሌክትሮኖች የሚገኙባቸው ክፍሎች) በአንዱ ጥንድ ኤሌክትሮን ይዟል፤ ጥንዶቹ ስለሚገፋፉ አንዱ በቀላሉ ይወጣል።

የአቶሙን ሬዲየስ ለአዮኑ መጻፍ

የኦክስጅን አቶም ኮቫለንት ሬዲየስ 66 ፒኮሜትር፣ ሁለት ኤሌክትሮን የተቀበለው የኦክሳይድ አዮን ግን 140 ነው። ጥያቄው የትኛውን እንደጠየቀ እዩ።

ኬልቪንን እንደ ሴልሺየስ ማንበብ

የኦክስጅን መፍያ 90 ኬልቪን ነው፤ 273 ቀንሱ፣ −183 ይሆናል።

ውኃን እንደ ዘመዶቹ መቁጠር

ሃይድሮጅን ሰልፋይድ በ−60፣ ሃይድሮጅን ሴሌናይድ በ−41፣ ሃይድሮጅን ቴሉራይድ በ−2 ዲግሪ ይፈላሉ። ውኃ 100 ላይ የሚገኘው የውኃ ሞለኪውሎችን እርስ በርስ አጥብቆ በሚያስተሳስረው በሃይድሮጅን ቦንድ ነው። ይህ 100 ደግሞ በባሕር ጠለል ግፊት የተለካ ነው። ሀዋሳ 1,700 ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ ስላለች የላብራቶሪ ውኃችሁ ከ94 እስከ 95 ዲግሪ ላይ ይፈላል። ቴርሞሜትሩ ተበላሽቷል ብላችሁ ንባቡን ወደ 100 አታስተካክሉ፤ ያነበባችሁትን ጻፉ፣ አጠገቡም ከፍታውን አስፍሩ።