ሻጋታን በሻጋታ፦ ትራይኮደርማን በማሽላ አባዝቶ የቲማቲም ችግኝን መጠበቅ

ማታ ቀጥ ብሎ የቆመ ችግኝ ጠዋት አንገቱ ቀጥኖ መሬት ላይ ተኝቶ አገኘሁት። በ4 ቀን ውስጥ የመደቡ ግማሽ አለቀ። ጎረቤቴ አይተው «የኔ ልጅ፣ ውሃ አበዛሽበት» አሉኝ። እውነታቸውን ነው። ግን ውሃ ቀንሼ ያጠጣሁትም ቆይቶ ተኛ። ፒቲየም፣ ራይዞክቶኒያ፣ ፉዛሪየም የሚባሉት የአፈር በሽታዎች አንዴ መደብ ውስጥ ከገቡ ውሃ መቀነስ ብቻውን አያወጣቸውም።

ትራይኮደርማን ያወቅኩት ከዚያ በኋላ ነው። አፈር ውስጥ በተፈጥሮ የሚኖር አረንጓዴ ሻጋታ ነው። በሽታ አምጪውን ፈንገስ ክሩ ላይ ተጠምጥሞ፣ ግድግዳውን በኢንዛይም አሟሙቶ ይበላዋል። ምግቡንም ቦታውንም ይቀማዋል። ሥር ላይ ከሰፈረ ደግሞ ተክሉ የራሱን መከላከያ እንዲያነቃ ያደርጋል፤ ሥሩም ይበረታል።

አንድ ነገር ግን ከወዲሁ እንስማማ። ይሄ ዘበኛ ነው። ሌባው ቤቱን ዘርፎ ከወጣ በኋላ ዘበኛ ቢቀጠር ምን ይረባል? የጠወለገ ቲማቲም ላይ አፍስሳችሁ እንዲነሳ አትጠብቁ። ባክቴሪያ የሚያመጣውን አጠውልግም አያቆምም። ለመለየት የጠወለገውን ግንድ ከሥሩ አጠገብ ቁረጡና ጫፉን ብርጭቆ ውሃ ውስጥ አንጠልጥሉት። በጥቂት ደቂቃ ውስጥ ወተት የመሰለ ክር ከወረደ ባክቴሪያ ነው፤ ልፋታችሁን ሌላ ቦታ አውሉት።

እርሾው

ያለ እርሾ ሊጥ አይቦካም፤ ይሄም እንደዚያው ነው። እርሾ የምለው መነሻ የሚሆነውን ሕያው ትራይኮደርማ ነው። የሚሻለው ቤተ ሙከራ ውስጥ በንጹህ ሳህን ወይም ቱቦ ያደገ ነው። የዕፅዋት በሽታ ላይ የሚሠራ ሰው ካወቃችሁ ጠይቁ። ካልሆነ በፓኬት የሚሸጠው ዱቄት አለ። የምርት ቀኑን እዩ፤ ሻጩ የት እንዳስቀመጠውም እዩ። እኔ መጀመሪያ የገዛሁት መስኮት ላይ ፀሐይ ሲመታው የከረመ ነበር። ሻጩ «ላንቺ ቅናሽ አለው» ሲለኝ ደስ ብሎኝ ወሰድኩት። 2 ሳምንት ጠበቅኩ፤ ምንም አልበቀለም። ሕይወት ያለው ነገር ነውና ሙቀት ገድሎታል። አሁን የገዛሁትን ሁሉ መጀመሪያ ትንሽ ቆንጥሬ በተቀቀለ ሩዝ ላይ እሞክራለሁ።

ጫካ ሄዶ ሩዝ ቀብሮ «የአገር ፈንገስ» ማጥመድ የሚባል አቋራጭም አለ። እኔ አልወደውም። ምን እንዳጠመዳችሁ በዓይን አታውቁትም።

ንፍሮው፣ ዋናው ፈተና

ብዙ ሰው የሚወድቀው እዚህ ነው፤ እኔም እዚሁ ነው የወደቅኩት። 1 ኪሎ ማሽላ ታጥቦ ያድራል። ሩዝም ይሆናል፤ እኔ ማሽላ የምመርጠው ፍሬው ስለማይጣበቅ ነው። በማግስቱ ውሃው ይቀየርና ከ15 እስከ 20 ደቂቃ ይቀቀላል።

የመጀመሪያውን ጊዜ እናቴ ንፍሮ እንደምትቀቅለው ፍሬው እስኪፈነዳ ቀቀልኩት። ለመብላት ይጣፍጥ ነበር። 12 ጠርሙስ ሞላሁና እርሾውን ጨምሬ ደረደርኩ። በ2ኛው ቀን ቤቱ የከረመ አተላ አተላ ሸተተ። ጠርሙሶቹ ሥር ዝልግልግ ያለ ውሃ ተጠራቅሟል። ሁሉንም ደፋሁ። ምክንያቱ ቀላል ነው። ፈንገሱ እንደኛ አየር ይፈልጋል። ፍሬው ከፈነዳ ስታርቹ ይወጣና በፍሬዎቹ መሃል ያለውን ክፍተት እንደ ሙጫ ይደፍነዋል። አየር በሌለበት እርጥብ ምግብ ላይ ደግሞ ባክቴሪያ ይሠለጥናል።

ስለዚህ ፍሬው በጥርስ ሲነከስ የሚሰበር፣ ቆዳው ግን ያልተሰነጠቀ መሆን አለበት። በወንፊት አጥሉትና ንጹህ ጨርቅ ላይ በስሱ አስጡት። አንዳንዴ 1 ሰዓት ይበቃል፤ ደመና ከሆነ 2 ሰዓት ይፈጃል። ሰዓቱን እርሱትና አንድ እፍኝ በሶፍት ጨምቁ። ሶፍቱ ከራሰ ገና ነው። በእጅ ሲበተን ፍሬ ከፍሬ የማይያያዝ ከሆነ ደርሷል። ሁለተኛው ሙከራዬ ላይ ፈርቼ አጥብቄ አደረቅኩትና ፈንገሱ ግማሽ መንገድ ላይ ቀረ። ልኩ እጅ ላይ ነው፤ በ3ኛው ጊዜ ይገባችኋል።

የጃም ወይም የማዮኔዝ ጠርሙስ እስከ ግማሹ ሙሉት። ሙሉ አድርጋችሁ አትጠቅጥቁ፣ መነቅነቂያ ቦታ ያስፈልጋል። አፉን በጥጥ ወትፉና በላዩ ፎይል አስሩ። ጥጡ አየር ያስገባል፣ አቧራ ይከለክላል። ቀጭን ፌስታል የሚጠቀሙ አሉ፤ እንፋሎት ላይ ቀልጦብኛል።

ጠላ የሚጠምቁ እናቶች ጋኑን በወይራ ሳያጥኑ ሥራ አይጀምሩም። እኛም ማሽላው ላይ ያለውን ሌላ ሻጋታ መግደል አለብን። ፕሬዠር ኩከር ካላችሁ 1 ሰዓት ይበቃል። ከሌላችሁ ትልቅ ድስት ሥር ድንጋይ ደርድሩ፣ ውሃ ጨምሩ፣ ጠርሙሶቹን ድንጋዩ ላይ አቁሙና ክዳኑን ገጥማችሁ 1 ሰዓት በእንፋሎት አብስሉ። በማግስቱ ድገሙት። የመጀመሪያው ቀን ሙቀት ያልገደላቸው ጠንካራ የሻጋታና የባክቴሪያ ዘሮች ሌሊቱን ይነቃሉ፤ የሁለተኛው ቀን ያኔ ያገኛቸዋል። «አንዴ ይበቃል» የሚል ሰው ፕሬዠር ኩከር ያለው ሰው ነው።

እርሾ መጨመር

ጠርሙሱ ፍጹም ይቀዝቅዝ። አዳማ ነፋሷ ተርባይን የሚያዞር ከተማ ናት፤ ያ ሁሉ ነፋስ አቧራና ሻጋታ ይዞ ነው የሚዞረው። በሩንም መስኮቱንም ዝጉ። እኔ ጠዋት 12 ሰዓት ላይ፣ ሰው ሳይነሳ እሠራዋለሁ። እጃችሁንና ማንኪያውን በ70 ፐርሰንት አልኮል ጥረጉ። ሻማ ብታበሩ ጥሩ ነው፤ ግን አልኮሉ ከእጃችሁ ሳይደርቅ ወደ ሻማው እንዳትጠጉ። ጥጡን ነቅላችሁ ግማሽ የሻይ ማንኪያ እርሾ ጨምሩና ቶሎ ዝጉ። ነቅንቁት።

ከዚያ ጥላ ቦታ፣ ከ25 እስከ 30 ዲግሪ ባለበት ይቀመጥ። ቆርቆሮ ጣሪያ ሥር ያለ መደርደሪያ አይሆንም። በ3ኛው ቀን ነጭ ክር ሲታይ ፍሬው እንዲፈታ አንዴ ነቅንቁ። ነጩ ከያዘ በኋላ ቀጥተኛ ፀሐይ ያልሆነ ብርሃን ይየው፣ ቶሎ አረንጓዴ ይሆናል። ከ7 እስከ 10 ቀን ውስጥ ፍሬው ሁሉ ጥቁር አረንጓዴ ይለብሳል።

ጥቁር፣ ብርቱካንማ ወይም ሮዝ ነጥብ ያለበትን ጠርሙስ አትዘኑለት። በተለይ ቢጫ ያዘለ አረንጓዴ ተጠንቀቁ፤ አፍላቶክሲን የሚባለውን መርዝ የሚያመርተው አስፐርጊለስ የሚባል ሻጋታ ሊሆን ይችላል። ጠርሙሱን ሳትከፍቱ እንደገና ቀቅሉና ቅበሩት። «ማሽላ ነው፣ ለዶሮ ይሁን» ብሎ ነገር የለም። የዳነውንም ጠርሙስ ስትከፍቱ ማስክ አድርጉ። ዱቄቱ ይበናል፤ አስም ያለበት ሰው ባይነካው ይሻላል።

ኧረ አንድ ነገር ረስቼ። ቤታችሁ እንጉዳይ የሚያመርት ሰው ካለ ይሄን ሥራ እዚያ ግቢ አትሥሩ። ትራይኮደርማ ለእንጉዳይ አምራች ጠላት ነው። እኔ እጄን ሳልታጠብ፣ ልብሴን ሳልቀይር የእህቴ እንጉዳይ ክፍል ገብቼ ነበር። ከሳምንት በኋላ ከረጢቶቿ አረንጓዴ ሆኑ። እስካሁን ነገሩን ሳነሳላት ትስቃለች፤ ግን አልረሳችውም።

ወደ መሬት

አብዛኛውን የምጠቀመው በኮምፖስት አድርጌ ነው። 100 ኪሎ በደንብ የበሰበሰ ኮምፖስት አረንጓዴ ከለበሰው ማሽላ 1 ኪሎ ጋር ይደባለቃል። ውሃ ይረጭና በጥላ ሥር በጆንያ ተሸፍኖ ከ1 እስከ 2 ሳምንት ይቆያል፣ መሃል ላይ ይገለበጣል። ትኩስ ፍግ አይሆንም፣ ይግላል። ችግኝ ሲተከል ጉድጓዱ ውስጥ አንድ እፍኝ።

ሥር መንከሩ ይበልጥ ቀላል ነው። አንድ ጠርሙስ በ5 ሊትር ውሃ እሹትና አጥሉት፤ የችግኙን ሥር ከመትከላችሁ በፊት 20 ደቂቃ ንከሩት። የቧንቧ ውሃ ከሆነ ክሎሪኑ እንዲወጣ በባልዲ ክፍቱን ይደር። የተረፈውን ችግኙ ሥር አፍስሱት። ሁሉንም ከ11 ሰዓት በኋላ አድርጉት፤ የቀትር ፀሐይ የፈንገሱን ዘር ይገድለዋል።

የኔ ችግኝ መልካ ሾላ ነው፤ ከዚሁ ከአጠገባችን ከመልካሳ ግብርና ምርምር ማዕከል የወጣ ዝርያ። ትራይኮደርማውን በሰጠሁት ማግስት ግን አንድ ቀን ልማድ ሆኖብኝ ካርበንዳዚም የሚባለውን ፀረ ፈንገስ መድኃኒት ረጨሁ። የ2 ሳምንት ልፋት በአንድ ፓምፕ ሄደ። ፀረ ፈንገስ ፈንገስን ነው የሚገድለው፤ የኔና ያንተ አይልም። የግድ ካስፈለጋችሁ ቢያንስ 2 ሳምንት አራርቁ።

ማይኮራይዛ የሚባለውን ሌላ ጠቃሚ ፈንገስ የሚጠይቁኝ አሉ። እሱ በንፍሮ አይባዛም፣ ሕያው ሥር ይፈልጋል። ማሰሮ ውስጥ በቆሎ ወይም ማሽላ ተክሎ ወራት መጠበቅ ነው። ጎመንና ቀይ ሥር ጭራሽ አይቀበሉትም። ፎስፈረስ ያለበት ማዳበሪያ ካበዛችሁም ተክሉ አያስጠጋውም። ለጀማሪ አልመክረውም።

የተረፈ ጠርሙስ ካለ በጥላ አድርቁትና ፍሪጅ ውስጥ አስቀምጡት፤ ለሚቀጥለው ዙር እርሾ ይሆናል። ከ3 ዙር በላይ ግን አትሂዱ፣ ሌላ ሻጋታ እየተቀላቀለ ይዳከማል። ክዳኑ ላይ በወፍራም እስክሪብቶ «አይበላም» ብላችሁ ጻፉ። እኛ ቤት የቃሪያ ዳጣ መስሎት እንጀራ ይዞ የከፈተ እንግዳ ነበር።