የሥጋ ዶሮ ክብደት አልጨምር ካለ መጀመሪያ መኖውን እዩ

"ምን ብጨምርላቸው ነው ቶሎ የሚያድጉት?" ብሮይለር (የሥጋ ዶሮ) የሚያረባ ሰው ዶሮዎቹ ቀጨጭ ሲሉበት መጀመሪያ የሚጠይቀው ይህንን ነው። እኔም እንደዛ ነበርኩ። አንዴ ቪታሚን በውሃ ስበጠብጥ፣ አንዴ ፕሮባዮቲክ (ለአንጀት የሚበጅ ባክቴሪያ) ስገዛ ሁለት ሳምንት ሙሉ ከረምኩ። ኋላ ላይ የበቆሎውን ጆንያ እስከ ታች ስገለብጠው ለካ ሥሩ ሻግቶ ኖሯል። የተበላሸ መኖን የሚያድን ዱቄት የለም። ስለዚህ ኪሳችሁን ከመክፈታችሁ በፊት በዚህ ቅደም ተከተል ሂዱ።

ሚዛን ከሌላችሁ ሚዛን ግዙ። የአንድ ቀን ጫጩት 40 ግራም አካባቢ ነው፤ በ7ኛው ቀን ቢያንስ 4 እጥፍ መሆን አለበት። ካልሆነ ብዙ ጊዜ ጥፋቱ ሙቀቱና ውሃው ላይ ነው፤ የበረደው ጫጩት ተደራርቦ ይተኛል እንጂ ወደ መመገቢያው አይሄድም። በገቡ በማግስቱ ከአንገታቸው ሥር ያለችውን የምግብ ከረጢት በጣት ዳሰስ አድርጉ። ሞልታ ለስለስ ካለች በልተዋል፣ ጠጥተዋል። ጠጠር ያለች ከሆነ ውሃ አላገኙም። ባዶ ከሆነችም ገና አልበሉም ማለት ነው። ዶሮ ከሚበላው መኖ በክብደት 2 እጥፍ ገደማ ውሃ ይጠጣል፣ ሲሞቅ ደግሞ ከዚያም በላይ።

ሌላ አንድ ስሌት አለች፦ የበሉትን መኖ ኪሎ ለጨመሩት ክብደት አካፍሉ። 1.6 ወይም 1.7 ከመጣ ጎበዝ ናችሁ። ለገበያ ሳይደርሱ 2ን ካለፈ ግን ወይ መኖው እየፈሰሰ ነው፣ ወይ በሽታ አለ፣ ወይ ቀመሩ ተበላሽቷል።

አሁን ወደ መኖው። በዕድሜ ይለያያል። ስታርተር፣ ማለትም የመጀመሪያው መኖ፣ እስከ 10ኛው ወይም 14ኛው ቀን ድረስ ነው፣ ፕሮቲኑ 22 ወይም 23 በመቶ። ቀጥሎ የሚመጣው ግሮወር 20 ወይም 21፣ የመጨረሻው ፊኒሸር 18 ወይም 19። ፕሮቲኑ ዝቅ እያለ ሲሄድ ጉልበት ሰጪው፣ ማለትም በቆሎውና ዘይቱ፣ ከፍ ይላል። "ታዲያ እስከ መጨረሻው ስታርተር ብሰጣቸውስ?" የሚል ሰው አይጠፋም። ገንዘቡ ይባክናል፤ የተረፈው ፕሮቲን በኩስ ይወጣል፣ ጉዝጓዙ ይረጥባል፣ አሞኒያው ዓይን ያቃጥላል፣ የእግራቸው መዳፍም ይቆስላል።

የፕሮቲን መቶኛ ብቻውን ደግሞ ያታልላል፤ ፕሮቲን የሚገነባው አሚኖ አሲድ ከሚባሉ ነገሮች ነው። በበቆሎና በአኩሪ አተር መኖ ውስጥ መጀመሪያ የሚያጥረው ሜቲዮኒን ነው፣ ቀጥሎ ላይሲን። አንዱ ካጠረ ሌላው ተትረፍርፎ ቢቀመጥም ሥጋ አይሆንም። ለእኔ እነዚህ ሁለቱ፣ ከጥሩ ፕሪሚክስ (የቪታሚንና የማዕድን ድብልቅ) ጋር፣ መጀመሪያ ገንዘብ ሊወጣባቸው የሚገቡ ናቸው። የቀረው ሁሉ ከዚያ በኋላ ነው።

አኩሪ አተሩን ራሳችሁ የምትፈጩ ከሆነ ጥሬውን እንዳትሰጡ። ፕሮቲን እንዳይፈጭ የሚያግድ ነገር አለበት፤ በልኩ ሲቆላ ይጠፋል፣ ሲያር ግን ላይሲኑም አብሮ ይበላሻል። የሻጋታው መርዝ አፍላቶክሲን ግን በመቁላት አይለቅም። መርዝ ያዥ የሚባሉት ጭማሪዎች፣ ለምሳሌ ቤንቶናይት፣ ጉዳቱን ይቀንሳሉ እንጂ የሻገተ በቆሎ ለመመገብ ፈቃድ አይደሉም። የእንቁላል ጣይ ዶሮ መኖም ለብሮይለር አይሆንም። ካልሲየሙ ወደ 4 በመቶ ይጠጋል፣ ለብሮይለር የሚበቃው 1 በመቶ አካባቢ ነው፣ ትርፉ ኩላሊታቸውን ይጎዳል።

ይህ ሁሉ ከተስተካከለ በኋላ ነው የጭማሪ ወሬ የሚመጣው። ፋይቴዝ የሚባለው ኢንዛይም ጥሩ ነው፤ እህል ውስጥ ያለው ፎስፈረስ አብዛኛው የታሰረ ስለሆነ ዶሮ ብቻዋን አትፈታውም። ሌላው ኢንዛይም ዛይላኔዝ የሚጠቅመው በተለይ ስንዴ ሲበዛ ነው፣ ገብስ ከሆነ ቤታ ግሉካኔዝ። መኖው የበቆሎ ከሆነ ከእነዚህ ከሁለቱ ብዙ አትጠብቁ። ፕሮባዮቲክ ሕያው ነገር ነው፦ ክሎሪን ባለው ውሃ ከበጠበጣችሁት ትገድሉታላችሁ፣ ከአንቲባዮቲክ ጋር መስጠትም ያው ነው።

የኮክሲዲያ (የዶሮን አንጀት የሚያጠቃ ጥቃቅን ተውሳክ) መከላከያ ላይ ጠንቀቅ በሉ። ከመከላከያዎቹ ሞኔንሲንና ሳሊኖማይሲን ፈረስና አህያ ይገድላሉ፣ ስለዚህ ጆንያው ከነሱ ይራቅ። ቲያሙሊን ከሚባለው መድኃኒት ጋር ሲገናኙ ደግሞ ዶሮዎቹን ራሳቸውን ይመርዛሉ። አንቲባዮቲክን ለማሳደጊያ ብሎ መስጠትን የአውሮፓ ኅብረት እ.ኤ.አ. ከ2006 መባቻ ጀምሮ ከልክሏል፣ እንደ እኔ ተገቢ ነው። ለሕክምና ከተሰጠም ከመታረዱ በፊት መለያው ላይ የተጻፈው የማቋረጫ ቀን ይጠበቅ። (በነገራችን ላይ "በሆርሞን ነው የሚያድጉት" የሚለው ወሬ ልክ አይደለም። የእድገት ሆርሞን ፕሮቲን ነው፣ በመኖ ቢሰጥ ሆድ ውስጥ ተፈጭቶ ይቀራል። የሚያሳድጋቸው የተመረጠ ዝርያና መኖ ነው።)

ስትቀላቅሉ ትንሹን ዱቄት በቀጥታ ትልቁ ክምር ላይ አትበትኑት። መጀመሪያ ከ1 ኪሎ የተፈጨ በቆሎ ጋር፣ ያንን ከ10 ኪሎ ጋር፣ ከዚያ ከቀረው ጋር። አለበለዚያ አንዷ ዶሮ ሦስት እጥፍ ትበላለች፣ ሌላዋ ምንም።

አዲስ ጭማሪ ስትሞክሩ ደግሞ ቤቱን በመረብ ለሁለት ክፈሉት። አንድ ዓይነት ጫጩት፣ እኩል ቁጥር፣ ያው መኖ፤ ለአንዱ ወገን ብቻ ጭማሪው ይገባል። በየሳምንቱ ሁለቱንም መዝኑ፣ የበሉትንም ጻፉ። የክብደቱ ልዩነት የጭማሪውን ዋጋ ካልሸፈነ በሚቀጥለው ዙር አትግዙት፣ ሻጩ የፈለገውን ቢምል።