የኪት ካር መሪ ዘንግ ኩሽኔታ እንዴት ይቀየራል?

መሪውን በሁለት እጅ ይዘው ወደ ላይና ወደ ታች ሲነቀንቁት ዘንጉ አብሮ ከተላወሰ፣ ወይም መኪናው ቆሞ በዝግታ ሲያዞሩት ከዳሽቦርዱ ሥር የመፍጨት ድምፅ ከተሰማ፣ የመሪ ዘንጉ ኩሽኔታ፣ ማለትም ዘንጉን ይዞ በቀላሉ እንዲዞር የሚያደርገው ባለ ኳስ ቀለበት፣ ሳይበላ አይቀርም። መቀየሩ ራሱ ከባድ ሥራ አይደለም። ኪት ካር፣ ማለትም ባለቤቱ ራሱ የሚገጣጥመው መኪና ላይ ግን አስቀድሞ መመለስ ያለበት ጥያቄ አለ፤ ኩሽኔታው ለምን አለቀ? ከፋብሪካ በወጣ መኪና ላይ የኩሽኔታው ማረፊያ በማሽን የተሠራ ነው። ኪት ካር ላይ ግን ዘንጉ ብዙ ጊዜ ከሌላ መኪና፣ ለምሳሌ ከፎርድ ኤስኮርት ወይም ከፎርድ ሲየራ ተነቅሎ የመጣ ነው፤ የሚታሰርበትን ብረት የበየደውም፣ ቀዳዳውን የበሳውም ገጣጣሚው ነው። ቀዳዳው በ2 ሚሊ ሜትር ቢዛነፍ ኩሽኔታው ያንን ዝንፈት ዕድሜውን ሙሉ ይሸከማል።

ስለዚህ ከመፍታትዎ በፊት ምርመራ ያድርጉ። የፊት ጎማዎቹን በክሪክ አንሥተው ሻንሲውን በጠንካራ መደገፊያ ላይ ያሳርፉ፤ በክሪክ ብቻ በቆመ መኪና ሥር ፈጽሞ አይግቡ። ከዚያ መሪውን ከዳር እስከ ዳር ቀስ ብለው ያዙሩት። በአንድ ሙሉ ዙር ሁለት ጊዜ እየከበደ ሁለት ጊዜ የሚቀል ከሆነ መጀመሪያ የሚጠረጠረው ክሮቸራው፣ ማለትም ዘንጎቹን በማዕዘን የሚያገናኘው መስቀለኛ መገጣጠሚያ ነው። በዙር አንድ ጊዜ ብቻ የሚከብድ ከሆነ ዘንጉ ሳይጎብጥ አልቀረም። የተበላ ኩሽኔታ ግን እጅ ላይ እንደ አሸዋ ይንኮሻኮሻል ወይም ይላወሳል። ይህን ሳይለዩ ኩሽኔታ ገዝተው የለወጡና መሪያቸው እንደ ቀድሞው የከበደባቸው ገጣጣሚዎች ብዙ ናቸው።

አሁን ወደ መፍታቱ። ባትሪውን ያላቅቁ። መሪው ላይ የአየር ከረጢት ካለ ባትሪው ከተላቀቀ በኋላ አምራቹ ያዘዘውን ያህል ይጠብቁ፤ የአምራቹ መመሪያ በእጅዎ ከሌለ ይህን ክፍል ለባለሙያ ይተዉት። ጎማዎቹን ቀጥ አድርገው ያቁሙና መሪው ከዘንጉ ጋር፣ ዘንጉ ከክሮቸራው ጋር፣ ክሮቸራው ከመሪ ሳጥኑ ጋር በሚገናኙበት ቦታ ሁሉ በቀለም መስመር ያስምሩ። ሁለት ክሮቸራ ባለበት መኪና ላይ በመካከለኛው ዘንግ ሁለት ጫፎች ያሉት ሹካዎች አቀማመጥ እርስ በርሱ የተናበበ መሆን አለበት። በዘንጉ ጫፍ ላይ ካሉት ጥርሶች በአንዱ እንኳ ቢዛወር መሪው በየዙሩ መክበድና መቅለል ሊጀምር ይችላል።

የመሪውን ዳዶ ሲፈቱ ሙሉ በሙሉ አያውጡት። ጥቂት ጥርስ ይዞ እንዲቀር ያድርጉና መሪውን ግራና ቀኝ እየነቀነቁ ይሳቡ፤ በድንገት ሲለቅ ዳዶው ስለሚይዘው ፊትዎን አይመታም። እምቢ ካለ መንቀያ ይጠቀሙ እንጂ የዘንጉን ጫፍ በመዶሻ አይምቱ። ብዙ የመሪ ዘንጎች በግጭት ጊዜ ወደ ውስጥ እንዲታጠፉ ሆነው የተሠሩ ናቸው፤ ክፍሎቻቸውን የሚያያይዙት የፕላስቲክ ፒኖች በመዶሻ ምት ሊቆረጡ ይችላሉ። የተቆረጠ ፒን ደግሞ ከውጭ አይታይም።

ክላክሱንና የማስነሻ ቁልፉን ገመዶች ፎቶ አንሥተው ያላቅቁ፣ የክሮቸራውን ማጥበቂያ ብሎን ያውጡ፣ ዘንጉን ከነቱቦው ይሳቡ። ኩሽኔታውን የሚይዘውን የብረት ቀለበት በፒንሳ አውጥተው ኩሽኔታውን ወጥ በሆነ ግፊት ያስወጡ።

የወጣውን ኩሽኔታ ግን ቶሎ አይጣሉ። ቤንዚን በነካው ጨርቅ ይጥረጉና ይዩት። ኩሽኔታው የተበላው በአንድ ወገን ብቻ ከሆነ ዘንጉ በግድ ተገፍቶ ይሠራ ነበር ማለት ነው። ዝገት ካለ ውኃ ይገባበታል። ግራሶው ጠቁሮ ከደረቀ ሙቀት ይጠርጥሩ፤ እ.ኤ.አ. በ1957 ከወጣው ከሎተስ ሰቨን መልክ በተቀዱት ጠባብ መኪኖች ላይ የጭስ ማውጫው ቱቦ በመሪ ዘንጉ አጠገብ የሚያልፍበት ጊዜ አለ። እንዲህ ከሆነ በመካከላቸው የሙቀት መከላከያ ቆርቆሮ መግባት አለበት። በአቅራቢያው ብየዳ ተሠርቶ ከነበረም ኤሌክትሪኩ በኩሽኔታው ውስጥ አልፎ ኳሶቹን ሊያቃጥል እንደሚችል ያስታውሱ።

አዲሱን ለመግዛት የመኪናው ስም አይበቃም፤ ልኩ ያስፈልጋል። የውስጡን ስፋት፣ የውጭውን ስፋትና ውፍረቱን በካሊፐር ይለኩ። መደበኛ ኩሽኔታ ከሆነ ጎኑ ላይ የተጻፈው ቁጥር ይበቃል። 6003 የውስጡ 17፣ የውጭው 35፣ ውፍረቱ 10 ሚሊ ሜትር ነው፤ 6004 ደግሞ 20፣ 42 እና 12 ነው። በሁለቱም ጎን የጎማ ክዳን ያለውን ይምረጡ፤ ኪት ካር ከአቧራና ከውኃ የሚጠብቅ ብዙ ሽፋን የለውም። በአንዳንድ መኪና ላይ በዘንጉ ታችኛው ጫፍ ያለው ኩሽኔታ ሳይሆን የናይለን ቦኮላ፣ ማለትም ኳስ የሌለው ቀለበት ነው። እርሱ ሲገባ ዘንጉን እንዳያንቅ ይፈትሹ፤ ካነቀ ውስጡን በደቃቅ ብርጭቆ ወረቀት እያሹ ዘንጉ በነጻነት እስኪዞር ያስፉት።

ማስገባቱ ትዕግሥት ይጠይቃል። ማረፊያውን ከዝገትና ከቀለም ያጽዱ። ኩሽኔታውን ሌሊቱን ማቀዝቀዣ ውስጥ ካሳደሩት ጥቂት ስለሚኮማተር መግባቱ ይቀላል፤ ሲወጣ የያዘውን ጤዛ ይጥረጉ። ወደ ቱቦው ሲያስገቡ ግፊቱ በውጭው ቀለበት ላይ፣ ወደ ዘንጉ ሲያስገቡ በውስጠኛው ቀለበት ላይ ብቻ ይረፍ። በተሳሳተው ቀለበት ከተጫኑ ኃይሉ በኳሶቹ በኩል ያልፍና ማረፊያቸውን ይሰረጉዳል፤ ኩሽኔታው ገና ሥራ ሳይጀምር ይበላሻል። ከቀለበቱ ጋር የሚስተካከል ቱቦ ወይም ቡሽላ ደግፈው በሞርሳ ቀስ ብለው ይጫኑ። ጠምሞ ከገባ መልሰው ያውጡት እንጂ ይቃናል ብለው አያጥብቁ።

ከሁሉም በላይ ጊዜ መስጠት ያለብዎት ቀጥሎ ላለው ነው። ዘንጉን ወደ ቦታው መልሰው ብሎኖቹን ሁሉ በእጅ ብቻ ያስይዙ። አንዱን ጥቂት ያጥብቁ፣ መሪውን ሙሉ ዙር ያዙሩ፣ ሌላውን ያጥብቁ፣ እንደገና ያዙሩ። የትኛው ብሎን ሲጠብቅ መሪው እንደከበደ ወዲያው ይታወቅዎታል። እዚያ ቦታ ላይ ብረቱ ዘንጉን ወደ ጎን እየሳበ ነውና ከሥሩ ቀጭን ሮንዴላ ይጨምሩ ወይም ቀዳዳውን በሞረድ ጥቂት ያስፉ። እኔ በአንድ መኪና ላይ ሁለት ኩሽኔታ ካቃጠልኩ በኋላ ያገኘሁት መንስኤ ከዳሽቦርዱ ሥር አንድ ሮንዴላ አለመኖሩ ነበር።

የክሮቸራው ማጥበቂያ ብሎን በጣት ተገፍቶ መግባት አለበት። ካልገባ ዘንጉ እስከ ልኩ አልገባም፤ በመዶሻ አያስገድዱት። ናይለን ያላቸውን ዳዶዎች በአዲስ ይተኩ፤ የመሪውንም ዳዶ አምራቹ በሰጠው የማጥበቂያ ልክ ያጥብቁ። ጎማዎቹ ገና ከመሬት ሳይነኩ መሪውን ከዳር እስከ ዳር ያዙሩ፣ የመሪው መቆለፊያ ቁልፉ ሲወጣ የሚይዝ፣ ሲገባ ሙሉ በሙሉ የሚለቅ መሆኑን ያረጋግጡ፣ ሞተሩን አስነሥተው ካሞቁ በኋላም ደግመው ያዙሩ። በእያንዳንዱ የመሪ ብሎንና ዳዶ ላይ አንድ የቀለም መስመር ያስምሩ። መጀመሪያ በዝግታና ሰው በሌለበት ቦታ ይንዱ፤ 50 ኪሎ ሜትር ያህል ከተጓዙ በኋላ መስመሮቹን ይዩ፣ አንዱ እንኳ ከቦታው ከተንቀሳቀሰ መኪናውን ያቁሙና ምክንያቱን እስኪያገኙ ድረስ አይንዱት።