ከአዲሱ ገበያ እስከ ጫንጮ፦ በጥቅምት ወደ ሱሉልታ በመኪና ለሚወጣ

እናቴ ያደገችው ሙከጡሪ አካባቢ ነው። ክረምቱ ወጥቶ ሰማዩ ሲጠራ ቤት መቀመጥ አይሆንላትም። ስለዚህ በየዓመቱ ከመስቀል በኋላ አንድ ቅዳሜ እሷንና ሁለቱን ልጆቼን በአሮጌዋ ዲኤክስ ይዤ ወደ ሱሉልታ እወጣለሁ። ጫንጮ ከመሀል ከተማ 40 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው። ለአንድ ቀን ይበቃል። ብዙ ሰው ሩቅ ለመድረስ ሲሮጥ ሜዳውን በመስኮት አይቶት ያልፋል። እኔ ትንሽ ነድታችሁ ብዙ ቁሙ ነው የምለው።

መጀመሪያ ቀኑን ምረጡ። አደይ አበባ መስከረምን አድምቆ ጥቅምት ሲገባ መክሰም ይጀምራል። ቢጫውን በሙሉ ማየት የፈለገ ከመስቀል ሳይርቅ ይውጣ። የሣር አጨዳውንና የድርቆሽ ክምሩን የወደደ ደግሞ ከጥቅምት አጋማሽ በኋላ ይሂድ። የእኔ ምርጫ የጥቅምት የመጀመሪያው ሳምንት ነው። አደዩ በየቦዩና በየአጥሩ ሥር ገና አለ። ገብሱ ቀለሙን መለወጥ ይጀምራል። የባቄላ እሸትም መንገድ ዳር ይሸጣል። እናቴ እሸቱን እየፈለፈለች ለልጆቹ ስታጎርስ የመኪናው ወለል በገለባ ይሞላል። እኔም ዝም እላለሁ።

ማታውን መኪናችሁን እዩ። ስኮርታው ንፋስ አለው? ክሪኩ ቦታው ላይ ነው? የፍሬን ዘይትና የራዲያተር ውኃ ሙሉ ነው? ነዳጅ ከተማ ውስጥ ሙሉ። ሌላው ከዚህ ሁሉ የሚበልጠው መንገዱን መጠየቅ ነው። የፍቼን መስመር የሚሠራ የሚኒባስ ሹፌር ጎረቤት አለኝ፤ ሁልጊዜ ማታ ደውዬ ስለ መንገዱ ሰላም እጠይቀዋለሁ። «ዘንድሮ ከጫንጮ አትለፍ» ካለኝ አላልፍም። «አትውጣ» ካለኝም ቁልፉን እሰቅላለሁ። እናንተም በዚያው ሳምንት የተመላለሰ ሰው ፈልጋችሁ ጠይቁ።

ጠዋት 12 ሰዓት ተኩል ላይ ውጡ። ከአዲሱ ገበያ ዳገቱን ስትወጡ እንጦጦ ላይ ጭጋግ ሊኖር ይችላል። መብራት አብሩ፤ ከፊት ካለው መኪና ራቁ። ከዚያ ቁልቁል ስትወርዱ የሱሉልታ ሜዳ ይዘረጋል። ቦታው ከባሕር ወለል ከ2,500 ሜትር በላይ ነው፤ ጠዋት ላይ ብርዱ አጥንት ይገባል። በጥቅምት አንድ አጥንት የተባለው እንዲያው አይደለም። ጋቢ ያዙ፤ ለልጆች ካልሲ ደርቡ። በዚህ ሰዓት አትሌቶች በመንገዱ ጠርዝ ይሮጣሉ። እነሱን ስታልፉ ፍጥነት ቀንሱ፤ ሰፋ አድርጋችሁ እለፉ። ጡሩምባ አታስጩሁባቸው።

አሁን ወደ አፈሩ ልምጣ። ከሦስት ዓመት በፊት፣ መስከረም 20 አካባቢ፣ ልጆቹን አደዩ መሀል ፎቶ ላነሳ መኪናዋን ከአስፋልት ወደ ሣሩ አወጣኋት። ሣሩ ደረቅ ይመስል ነበር። አሥር እርምጃ ሳትሄድ የኋላ ጎማዎቿ ሰመጡ። ነዳጅ በሰጠኋት ቁጥር ይበልጥ ገባች። በሱሉልታ ሜዳ በሰፊው ያለው መረሬ ነው። ይህ ጥቁር አፈር ክረምቱን ሙሉ ውኃ ይጠጣና አብጦ ይይዘዋል። ከሜዳው አራት ሰዎች መጡ። ጎማው ሥር ድንጋይና ጭድ ጎዘጎዙልን፤ እኔን ቀስ ብለህ በሁለተኛ ማርሽ ተነሥ አሉኝ፤ ራሳቸው ገፉ። አንዱ ሽማግሌ በኦሮምኛ የነገሩኝን እናቴ ተረጎመችልኝ፦ «ላዩ ደርቋል፤ ከሥሩ ገና ክረምት ነው።»

ከዚያ ወዲህ መኪናዬን ጠጠር በሌለበት አላቆምም። ለመቆም ስትፈልጉ መጀመሪያ ውረዱና በተረከዛችሁ ርገጡት። ተረከዝ ከገባ ጎማም ይገባል። ደግሞም ያ ሣር የሰው ሀብት ነው። ታጭዶ፣ ደርቆ፣ ለከብት ቀለብ የሚሸጥ ነው። በእግር ስትገቡም በጠርዙ ሂዱ፤ ባለቤቱ ካለ አስፈቅዱ። «አካም ጅርቱ» ብላችሁ ሰላም በሉ፤ ስትለዩ «ገለቶማ» ብላችሁ አመስግኑ። ሰው ፎቶ ማንሳት ከፈለጋችሁም መጀመሪያ ጠይቁ።

ጫንጮ ስትደርሱ ቁርስ ብሉ። ወተትና እርጎ የምትሸጥ እናት ካገኛችሁ ግዙ፤ አገሩ የወተት አገር ነው። ባዶ ጀሪካን አጥባችሁ ይዛችሁ ውጡ። ከጫንጮ ወደ ግራ የሚታጠፈው መንገድ ወደ ደርባ ይወስዳል። እዚያ ያለው ፏፏቴ ክረምት እንደወጣ ውኃው ሙሉ ነው፤ ግን መንገዱን የሲሚንቶ ከባድ መኪናዎች ይመላለሱበታል። እኔ ከልጆች ጋር ስሆን አልሄድበትም።

መንገዱ ሰላም ከሆነና ማልዳችሁ ከወጣችሁ ደብረ ሊባኖስ ድረስ መሄድ ይቻላል። ከአዲስ አበባ 100 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው። እናቴ እዚያ ስትደርስ ነጠላዋን አስተካክላ፣ በግንቦት 1929 ዓ.ም. በግራዚያኒ ትእዛዝ ስለተረሸኑት መነኮሳት ለልጆቹ ትነግራቸዋለች። በገደሉ አፋፍ ጭላዳዎች አሉ። ምግብ አትስጧቸው።

ለመመለስ 10 ሰዓትን አትጠብቁ። ከሰዓት በኋላ ድርቆሽ እስከ ጣሪያው የጫኑ አይሱዙዎች ይበዛሉ፤ ጭነቱ መንገዱን ይሸፍናል። ፊት ለፊቱ ካልታያችሁ አትቅደሙ። ከእንጦጦ ወደ አዲሱ ገበያ ስትወርዱ ደግሞ ፍሬን ላይ ተኝታችሁ አትውረዱ። ፍሬኑ ሲግል አይዝም። ከአናቱ ጀምሮ በሁለተኛ ማርሽ ያዙት፤ የኋላው መኪና ቢጮኽባችሁም ቀስ በሉ። እናቴ እዚያ ቁልቁለት ላይ ጀሪካኑን እግሮቿ መሀል ትይዘዋለች። ቤት ስትገቡ ልብስ ከመቀየራችሁ በፊት ወተቱን አፍሉት።