የከተማ ፍሳሽ ዝቃጭን በእርጥብ ኦክሲዴሽን የማከም ሥራ

እርጥብ ኦክሲዴሽን ዝቃጩን ሳያደርቁና ነበልባል ሳያነዱ፣ በውስጡ ያለውን ኦርጋኒክ ቁስ በጋለና በታመቀ ውኃ ውስጥ በኦክስጅን የማቃጠል ዘዴ ነው። በመጀመሪያ ዝቃጩ ከአሸዋና ከጨርቅ ቁርጥራጭ ይጥራ፤ ከዚያም የደረቅ ቁሱ መጠን ከ3 እስከ 6 በመቶ እስኪደርስ ይወፍር። ከዚህ ከቀጠነ ሂደቱ ራሱን የሚያሞቅበት ጉልበት ያንሰዋል።

ቀጥሎ የኦክስጅኑ ሒሳብ ይመጣል፤ በእኔ እምነት ጥንቃቄ የሚሻው ዋናው ነጥብ ይህ ነው። 1 ኪሎ ግራም የኬሚካል ኦክስጅን ፍላጎትን (በዝቃጩ ያለውን ኦርጋኒክ ቁስ ለማቃጠል በሚፈለገው ኦክስጅን የሚገለጽ የብክለት መለኪያ ነው) ለማስወገድ 1 ኪሎ ግራም ኦክስጅን ያስፈልጋል፤ ከአየር ክብደት ውስጥ ኦክስጅኑ 23 በመቶ ገደማ ብቻ በመሆኑ፣ በአየር የሚሠራ ባለሙያ 4.3 ኪሎ ግራም ያህል አየር ማስላት፣ በዚያም ላይ መጠነኛ ትርፍ መጨመር ይኖርበታል።

ዝቃጩ በሙቀት መለዋወጫ፣ ማለትም ከሚወጣው ትኩስ ፈሳሽ ሙቀት በሚቀበልበት መሣሪያ፣ አልፎ ወደ ሪአክተሩ፣ ማለትም ማቃጠሉ ወደሚካሄድበት ዝግ ጋን፣ ይገባል። በ250 ዲግሪ ሴንቲግሬድ የውኃ እንፋሎት ግፊት ብቻውን 40 ባር ገደማ ስለሚሆን፣ የሪአክተሩ ግፊት ከዚህ በግልጽ ካልበለጠ ውኃው ተንኖ ያልቃል። ቆይታው 1 ሰዓት አካባቢ ነው። በመለዋወጫው ቱቦ ውስጥ የሚጋገረው ቅርፊት ሙቀት እንዳያስተላልፍ ስለሚያግድ፣ በየጊዜው በተበረዘ ናይትሪክ አሲድ ይታጠባል፤ አሰልቺ ቢሆንም የሚዘለል ሥራ አይደለም።

የሚወጣው ፈሳሽ አሴቲክ አሲድና አሞኒያ ስለሚቀሩበት በረቂቅ ተሕዋስያን ወደሚሠራው ባዮሎጂካዊ ማጣሪያ ይመለሳል። ካርቦን ሞኖክሳይድና ሽታ ያለው ጋዝም ሳይታከም አይለቀቅም። ከባድ ብረቶች የሚከማቹበት አመድ ደግሞ ከመወገዱ በፊት በላቦራቶሪ ይመረመራል።