አየርላንድ አዲስ ለገባችሁ፦ አይሪሽ ስቲው በአንድ ድስት

አየርላንድ ገብታችሁ እንጀራ የት እንደሚሸጥ ገና ካላወቃችሁ፣ ቤቱም የጋራ ሆኖ የደረሳችሁ አንድ ድስትና ግማሽ ፍሪጅ ብቻ ከሆነ መጀመሪያ የምትለምዱት የፈረንጅ ምግብ አይሪሽ ስቲው ቢሆን ነው የሚሻለው። የበግ ስጋ፣ ድንች፣ ሽንኩርት፣ ውሃ፣ በቃ ይሄው ነው። ቅቅል ሰርቶ የሚያውቅ ሰው ብዙም አይከብደውም፣ ልዩነቱ እዚህ መረቁን የሚያወፍረው ድንቹ ራሱ መሆኑ ነው።

የኛ ሰው ችግር ምን መሰላችሁ፣ ድስት ሲጣድ እጁ ቀጥታ ወደ ቁሌት ነው የሚሄደው፣ ሽንኩርቱን ሲያቁላላ፣ በርበሬ ጣል ሲያደርግ፣ በመሀል ኮሪደር ላይ ያለው የጭስ አላርም ይጮህና የቤቱ ሰው ሁሉ በፒጃማ ይወጣል። ስቲው ቁሌት አይፈልግም። ስጋውንም መጥበስ የለባችሁም፣ የሚጠብሱ አሉ ግን የድሮው አሰራር ዝም ብሎ መቀቀል ነው። በርበሬ ካማራችሁ ሲበላ አዋዜ ወይ ሚጥሚጣ ከጎን አድርጉ፣ ድስቱ ውስጥ አትክተቱት፣ በተለይ ከአይሪሽ ጋር አብራችሁ የምትበሉ ከሆነ።

ስጋው ላይ ገንዘብ አታባክኑ። ስስ የሆነውን ውዱን ብልት ሳይሆን አንገት ወይ ትከሻ ግዙ፣ ስጋ ቤት ገብታችሁ "ጂገት ቾፕ" ካላችሁ ይገባቸዋል፣ አጥንት ያለው የትከሻ ቁራጭ ነው። አጥንቱ ነው መረቁን መረቅ የሚያደርገው። ድሮ ገበሬው በጉን ለሱፉ ስለሚፈልገው የሚታረደው ያረጀው ነበር፣ ለዛም ነው ይሄ ምግብ ቀስ ብሎ ረጅም ሰአት የሚበስለው፣ አሁን ግን ሱፐርማርኬት የምታገኙት ጠቦት ስለሆነ ቶሎ ይበስላል። ቴስኮም ሆነ ደንስ ወደ ማታ ላይ ቢጫ ስቲከር የተለጠፈበት ቅናሽ ስጋ አይታጣም፣ የዛኑ ቀን ካበሰላችሁት ምንም አይልም። ሀላል የምትፈልጉ ደሞ ደብሊን ከሆናችሁ ሳውዝ ሰርኩላር ሮድ መስጊዱ ያለበት ሰፈርና ሙር ስትሪት አካባቢ ፈልጉ።

አሁን ወደ ድንቹ፣ ምክንያቱም ጉዳዩ ያለው እዚህ ነው። አየርላንድ ድንች ሁሉ አንድ አይደለም፣ ከረጢቱ ላይ ስሙ ተጽፎ ነው የሚሸጠው፣ ሰዉም አንዱን ወዶ አንዱን ይንቃል። ሩስተር የሚባለው ልጡ ቀይ ውስጡ ቢጫ ነው፣ ሲቀቀል ዱቄት ዱቄት ይላል፣ ይፈርሳል። ቤቢ ፖቴቶ የሚባሉት ትንንሾቹ ደሞ ውስጣቸው ጠንከር ብሎ ቅርጻቸውን ይዘው ይቆያሉ። የኔ ምርጫ ሁለቱንም ማስገባት ነው፣ ሩስተሩን በስሱ ከትፋችሁ ከታች ታደርጉታላችሁ፣ እሱ ሟሙቶ መረቁን ያወፍራል፣ ቤቢውን ለሁለት ከፍላችሁ መጨረሻ ላይ ከላይ ትደረድሩታላችሁ። ዱቄት ምናምን መጨመር የለም።

ለአራት ሰው አንድ ኪሎ ስጋ ከነአጥንቱ፣ አንድ ኪሎ ተኩል ድንች፣ ሶስት ትልልቅ ሽንኩርት፣ ሶስት አራት ካሮት። ካሮት ይግባ አይግባ በሚለው አይሪሾቹ ራሳቸው አይስማሙም፣ እኔ አስገባለሁ ጣፈጥ ያደርገዋል። ስጋውን በቀዝቃዛ ውሃ ጣዱት፣ ውሃው ስጋውን ሸፍኖ ትንሽ ከፍ ይበል፣ መፍላት ሲጀምር ከላይ የሚወጣውን ግራጫ አረፋ በማንኪያ እየገፈፋችሁ ጣሉት፣ ይሄን ከዘለላችሁ መረቁ ይደፈርሳል። ከዛ ወፈር ወፈር ተደርጎ የተቆረጠውን ሽንኩርት፣ ስሱን ሩስተር፣ ትንሽ ጨውና ታይም ጨምሩበት፣ ከሀገር የመጣ ጦስኝ ካላችሁ እሱም በደንብ ይሆናል። አንድ እፍኝ ፐርል ባርሊ የሚጨምሩም አሉ፣ የተፈተገ ገብስ ነው፣ ቅንጬ ለሚወድ ሰው ይመቻል። ከድናችሁ እሳቱን በጣም ቀንሱ፣ ጠብ ጠብ እያለ አንድ ሰአት ይቆይ። የመስታወት ኤሌክትሪክ ምድጃ ከሆነ ቁልፉን ዝቅ ብታደርጉትም ሙቀቱ ቶሎ አይወርድም፣ ስለዚህ ሊገነፍል ሲል ድስቱን ለአፍታ ጎን ላይ አውጡት። ካሮቱንና ቤቢ ድንቹን ከላይ አድርጋችሁ ሌላ ሠላሳ አርባ ደቂቃ፣ ስጋው ከአጥንቱ በሹካ ሲላቀቅ ደርሷል። ጨው ያኔ ቅመሱና አስተካክሉ፣ ቁንዶ በርበሬና የተከተፈ ፓርስሊ ነስንሱበት። ከስቲው ጋር ቡናማውን ሶዳ ብሬድ፣ በእርሾ ፈንታ በሶዳ የሚነፋውን ዳቦ፣ ቅቤ ቀብታችሁ ብሉት።

የመብራቱን ነገር ደሞ ልንገራችሁ፣ የመብራት ዋጋው እንደ ሰአቱ በሚለያይበት ብዙ የስማርት ሜትር ፕላን ላይ በነሱ አቆጣጠር ከምሽቱ 5 እስከ 7 ሰአት ያለው ነው ውዱ፣ ስለዚህ ሁለት ሰአት የሚጣድ ነገር ከሰአት በኋላ ወይ ከ7 በኋላ ጣዱ።

ለጾም ስጋውን ትታችሁ በባሮ ሽንኩርት፣ በድንች፣ በካሮትና በገብሱ ትሰሩታላችሁ፣ ትንሽ ዘይት ይግባበት። የመረቅ ኪዩብ የምትጨምሩ ከሆነ ግን ማሸጊያውን አንብቡ፣ አንዳንዱ ውስጥ የዶሮ ስብ ወይ ወተት አለበት። ካንቲን ወይ ሰው ቤት ስትበሉም ሁለት ነገር ጠይቁ። ኮድል የሚባል የደብሊን ምግብ አለ፣ ሲያዩት ስቲው ይመስላል ግን የአሳማ ቋሊማና ቤከን ነው። የበሬ ስቲው ሲሆን ደሞ ብዙ ጊዜ ጊነስ ቢራ ይገባበታል። ብትጠይቁ ማንም አይቀየማችሁም።

ከሸምገል ካሉ አይሪሾች ጋር ማእድ ከተቀመጣችሁና ኢትዮጵያዊ ነኝ ካላችሁ የ77ቱን ድርቅ ማንሳታቸው አይቀርም፣ ለዛ ድርቅ ገንዘብ የተሰበሰበበትን ላይቭ ኤድ የተባለ ኮንሰርት ያዘጋጀው ዘፋኙ ቦብ ጌልዶፍም የነሱው ሰው ነው። አትናደዱ፣ ለስድብ አይደለም። እነሱም በፈረንጅ አቆጣጠር ከ1845 ጀምሮ ድንቹ በበሽታ ሲበሰብስ ወደ አንድ ሚሊዮን ሰው በረሃብና በወረርሽኝ አልቆባቸዋል፣ ሌላው ሚሊዮን ተሰዷል፣ ድንች ሲቀርብ ይሄ ወሬ በራሱ ይመጣል።

የተረፈውን ሲበርድ ወዲያው ፍሪጅ አስገቡት፣ ምድጃ ላይ አታሳድሩት። በማግስቱ ከላይ ነጭ ሆኖ የረጋውን ስብ በማንኪያ አንሱ፣ ሲንክ ውስጥ ግን እንዳትደፉት ቱቦው ይዘጋና ከቤት አከራዩ ጋር ትጣላላችሁ፣ በወረቀት ጠቅልላችሁ ከአጥንቱ ጋር ቡናማው የምግብ ቢን ውስጥ ጣሉት። ስቲው በሁለተኛው ቀን ይበልጥ ይወፍራል፣ ትንሽ ውሃ ጠብ አድርጋችሁ አሙቁት።