ሞተሩን ቀዝቃዛ እንዳለ ሽጡት

ጅማ ውስጥ የወፍጮ ሞተር ስፈታና ስገጥም ሃያ ስድስት ዓመት ሞላኝ። ከዴዶ፣ ከሰቃ፣ ከሊሙ፣ ከጌራ የሚመጡ ሰዎች ሱቄ ደጃፍ ላይ ቆመው መጀመሪያ የሚጠይቁኝ ዋጋ ነው። እኔ ግን ዋጋ ከመናገሬ በፊት እለምናቸዋለሁ፦ ሜትር ይዛችሁ ወደ ወፍጮ ቤታችሁ ተመለሱና ሁለቱን ፑሌጃዎች፣ ማለትም ቺንጋው የሚጠመጠምባቸውን መንኮራኩሮች፣ ለኩልኝ፤ የሞተሩንም የወፍጮውንም። ይህን ሳይለካ ሞተር የገዛ ሰው ገንዘብ ብቻ ሳይሆን ሕይወትም ሊያጠፋ ይችላል።

እኔ ጋ ለመቀየር የሚመጡት አሮጌ ሞተሮች በብዛት ሊስተር የሚባለው የእንግሊዝ የናፍጣ ሞተር ወይም በሊስተር አምሳል ሕንድ አገር የተሠሩ ናቸው። ሲሊንደራቸው የቆመ፣ ግራና ቀኝ ትልልቅ ቮላኖ (ከባድ የብረት መንኮራኩር) ያላቸው፣ አዟዟራቸው የረጋ ሞተሮች ናቸው። ባለ 8 ፈረስ ጉልበቱ ሊስተር በደቂቃ 850 ጊዜ ይዞራል። ዛሬ በእሱ ምትክ የሚገዛው ሲሊንደሩ የተጋደመ የቻይና ሞተር ግን በደቂቃ 2,200 ጊዜ ይዞራል። ወፍጮው ይህን ለውጥ አያውቅም። ቺንጋው ያዞረውን ያህል ይዞራል እንጂ።

ስሌቱ ማንም የሚሠራው ነው። የሞተሩን ዙር በሞተሩ ፑሌጃ ስፋት (ከጠርዝ እስከ ጠርዝ በመሐሉ አልፎ በሚለካው) አባዙ፤ የተገኘውን ለወፍጮው ፑሌጃ ስፋት አካፍሉ። የሞተሩ ፑሌጃ 42 ሴንቲ ሜትር፣ የወፍጮው 51 ሴንቲ ሜትር ነው እንበል። 850 በ42 ሲባዛ 35,700፤ ለ51 ሲካፈል 700። ድንጋዩ በደቂቃ 700 ጊዜ ሲዞር ኖሯል ማለት ነው። አሁን ባለ 2,200 ዙሩን ሞተር በዚያው ባለ 42 ፑሌጃ ካሰራችሁት ድንጋዩ ከ1,800 ጊዜ በላይ ይዞራል። በ700 እንዲቆይ ከተፈለገ የአዲሱ ሞተር ፑሌጃ ከ16 ሴንቲ ሜትር እምብዛም መብለጥ የለበትም።

ወደ ሰቃ በሚወስደው መንገድ ዳር ያለ አንድ ወፍጮ ቤት “ዱቄቱ ሽታ አመጣብን” ብለው ጠርተውኝ ሄድኩ። ገና ከበሩ ስደርስ የተቃጠለ ቆሎ የመሰለ ሽታ ተቀበለኝ። ከአፎቱ የሚወርደውን የበቆሎ ዱቄት በመዳፌ ብዘግነው ይፋጃል። ሞተሩ እንዲጠፋ ጮኬ ተናገርኩ። ድንጋዩ ቆሞ ሲቀዘቅዝ በእጅ ባትሪ ብመለከተው ከመሐሉ ቀዳዳ እስከ ጠርዙ የፀጉር ያህል የቀጠነ ስንጥቅ ሄዶበታል። ጥቂት ቀን ቢቆይ ኖሮ ያ ድንጋይ ሁለት ቦታ ተከፍሎ ይፈናጠር ነበር። ወረፋ የሚጠብቁት እናቶች ደግሞ እህላቸውን ታቅፈው ከድንጋዩ ሦስት እርምጃ ርቀት ላይ ተቀምጠዋል። ገጣሚው አዲሱን ሞተር ከአሮጌው ፑሌጃ ጋር አጋብቶት ሄዶ ነው። ከዚያ ቀን ወዲህ የፑሌጃ ልክ ያላመጣልኝን ሰው ሞተር አልሸጥለትም።

ትንሽ ፑሌጃ ደግሞ የራሱ ችግር አለው። ጠፍጣፋው ቺንጋ ትንሽ ፑሌጃ ላይ የሚይዘው ቦታ ስለሚያጥረው ይንሸራተታል፣ ይነዳል። ስለዚህ ወይ ቦዩ የጠበቀ ባለ ሦስት መስመር ቪ ቺንጋ ከነፑሌጃው ግጠሙ፣ ወይም የወፍጮውን ፑሌጃ አስፉትና የሞተሩም በዚያው መጠን ይስፋ። እኔ ሁለተኛውን እመርጣለሁ። ቶርኖ ቤት ይጠይቃል፣ ወጪም አለው፤ ግን ቺንጋው ዕድሜ ያገኛል።

ጉልበትን በሚመለከት የሞተሩን የስም ሰሌዳ በጥንቃቄ አንብቡ። አንዳንዱ ሰሌዳ ላይ ሁለት ቁጥር አለ፤ አንዱ ሞተሩ ለ1 ሰዓት ብቻ የሚችለው፣ ሌላው ለ12 ሰዓት ያለማቋረጥ የሚችለው ነው። ነጋዴው የሚጠራላችሁ ትልቁን ነው። ወፍጮ ግን በበቆሎ ወቅት ከጠዋት እስከ ማታ ይሠራልና የእናንተ ቁጥር ትንሹ ነው። ከዚያ ላይ የከፍታውን ቀንሱ። ጅማ ከባሕር ወለል 1,700 ሜትር ገደማ ከፍ ትላለች፤ አየሩ ሲሳሳ ተርቦ (አየር ጨምቆ የሚያስገባ መሣሪያ) የሌለው የናፍጣ ሞተር በየ100 ሜትሩ ወደ 1 በመቶ ጉልበት ያጣል። ስለዚህ ሰሌዳው ላይ 22 ፈረስ ጉልበት የሚለው እዚህ ከ18 ብዙም አይበልጥም። ዴዶ ወጥቶ ደግሞ ከዚህም ይወርዳል። ደካማ ሞተር ሲጫንበት ጥቁር ጭስ ያወጣል፣ ናፍጣውም ሳይቃጠል በማርሚታው ይወጣል። አስተማማኝ ባለ ሦስት ፌዝ መብራት ያለው ሰው ግን ከነጭራሹ ናፍጣ አይግዛ፤ የኤሌክትሪክ ሞተር ይግጠም።

መሠረቱን አደራ። የአሮጌው ፒስቶን ላይና ታች ሲመታ መሬቱ ይቀበለው ነበር። የተጋደመው ሞተር ፒስቶን ግን ወደ ፊትና ወደ ኋላ ስለሚመላለስ ሞተሩን በዚያው አቅጣጫ ይገፋዋል። አዲሱ ኮንክሪት በፒስቶኑ አቅጣጫ ረዘም ብሎ ይሠራ፤ ቢያንስ አንድ ሳምንት ውኃ እየጠጣ ይክረም። በአሮጌው ቡሎን ላይ ብረት በይዶ ማሰር ለወር ያህል ይይዛል፣ ከዚያ ይላቀቃል። የአየር ማጣሪያውን አፍ ደግሞ በቱቦ ከቤቱ ውጭ አውጡት፤ ወፍጮ ቤት ውስጥ የሚተነፍስ ሞተር ዱቄት ነው የሚበላው። ቺንጋው ዙሪያውን በሽቦ ወንፊት ይታጠር። የነጠላ ጫፍ ቺንጋ ውስጥ ሲገባ ለመጮህ እንኳ ጊዜ አይሰጥም። ያለ አጥር ቁልፍ አላስረክብም።

አሁን ስለ አሮጌው። አዲሱ ሲገባ አሮጌው በር ላይ ተጥሎ ዝናብ ይመታዋል፤ በመጨረሻ በኪሎ ለብረት ይሸጣል። ይህ ያሳዝነኛል። በርካታዎቹ የፒስቶን ቀለበትና ኩሽኔታ ቢቀየርላቸው ገና ዓመታት የሚሠሩ ናቸው፤ ለቡና መፈልፈያ ወይም ለመስኖ ፖምፓ የሚፈልጋቸው ሰው አይጠፋም። ግን ሽያጩ እውነተኛ ይሁን።

የናፍጣ ሞተር እንደ ቤንዚን ሞተር እሳት የሚፈነጥቅ ካንዴላ የለውም። የሚነሣው ታምቆ በሚግለው አየር ነው። ቀለበቱ ያለቀ ሞተር አየሩን ስለሚያሾልክ በቀዝቃዛ አይነሣም፤ አንዴ ከሞቀ በኋላ ግን ደህና መስሎ ይሠራል። አታላይ ሻጭ ይህን ያውቃል። ገዢ ከመምጣቱ በፊት በፈላ ውኃ ያሞቀዋል፣ ወይም ቤንዚን የነካ ጨርቅ በአየር ማስገቢያው አስጠግቶ ያስነሣዋል። እኔም ሥራ በጀመርኩ በሦስተኛው ዓመት እንዲህ ተደርጎ የተሸጠልኝን ሞተር ጅማ አምጥቼ በማግስቱ ጠዋት ማስነሣት አቅቶኝ ነበር።

ስለዚህ ገዢ ከሆናችሁ ሰላምታ ከተለዋወጣችሁ በኋላ መዳፋችሁን ቴስታታው (የሲሊንደሩ ክዳን) ላይ አሳርፉ። ለብ ካለ “እስኪቀዘቅዝ ሻይ ልጠጣ” ብላችሁ ጠብቁ። ከዚያ ኮምፕሬሽኑን፣ ማለትም የታመቀውን አየር፣ ሳትለቁ ቮላኖውን በእጃችሁ ቀስ ብላችሁ አዙሩ፤ ጤነኛ ሞተር ተቃውሞ ወደ ኋላ ይመልሳችኋል፣ ያለቀው እየተነፈሰ ያልፋል። ዘይቱን በጣት ነክታችሁ እዩት፤ ወተት ከመሰለ ውኃ ገብቶበታል። ሲነሣ የዘይቱን ክዳን ክፈቱ፤ ከዚያ ጭስ እየተገፋ ከወጣ ፒስቶኑ አካባቢ አልቋል። ሰማያዊ ጭስ ዘይት መብላቱን ይናገራል። በማኖቬላ (በእጅ ማስነሻው ብረት) ስታስነሡ አውራ ጣታችሁን ከሌሎቹ ጣቶች ጋር በአንድ ወገን አድርጉ፤ ተመልሶ ሲመታ አንጓ ይሰብራል።

ሻጭ ከሆናችሁ ደግሞ ይህን ሁሉ ራሳችሁ ለገዢው አሳዩት። ቀዝቃዛ እንዳለ፣ በፊቱ አስነሡለት። ጉድለቱን ንገሩት፤ የሞተሩን ቁጥር በውሉ ላይ ከነጉድለቱ ጻፉለት፣ ምስክሮችም ይፈርሙ። ዋጋው ትንሽ ይቀንሳል። ያ ገዢ ግን በሚቀጥለው ዓመት ጎረቤቱን ይዞ ይመጣል።

ባለፈው ክረምት አንድ ወጣት አሮጌ ሊስተር ለጀልባ ሊገዛ እኔ ጋ መጣ፤ ግልገል ጊቤ ግድብ ሐይቅ ላይ ዓሣ ያሰግራል። ዋጋው ተስማምቶት ነበር፤ እኔ ነኝ የከለከልኩት። ሞተሩ ከ300 ኪሎ በላይ ይመዝናል፣ ወደ ኋላ የሚሄድ ማርሽ የለውም፣ ማቀዝቀዣው ለመሬት የተሠራ ነው፣ ፕሮፔለር የሚገፋውን ግፊት የሚሸከም ኩሽኔታም የለበትም። ለአሮጌ ጀልባ ከማርሹ ጋር ለውኃ ተብሎ የተሠራ ቀላል ሞተር ፈልግ፤ ከመግዛትህም በፊት ጀልባህ ስንት ኪሎ እንደሚችል እወቅ አልኩት። እናቱ ትልቅ ነገር እንዳደረግኩላቸው ያህል ስልክ ደውለው መረቁኝ።

ሞተሩ መኪና ላይ ሲጫን ቮላኖዎቹ ለብቻ ይፈቱ፣ የናፍጣ ቱቦዎቹ አፍ በጨርቅ ይታሰር። ማኖቬላውን በሽቦ ከሞተሩ ጋር እሰሩት። አንድ አዛውንት ሞተራቸውን ጌራ ካደረሱ በኋላ ማኖቬላው ከሱቄ በር ጀርባ ቀርቶ በማግስቱ ሊወስዱት ተመልሰው መጥተዋል።